ፋይር በፓይተን፦ የፊዚክስ እንቆቅልሽ ማስመሰያ ለጀማሪዎች (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፓይተን ለመለማመድ የምንሰበሰብ ሰዎች ስለ ፋይር ደጋግመው የጠየቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስከትዬ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ፋይር ምንድን ነው?

ፋይር የፌስቡክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2019 በነፃ የለቀቀው የእንቆቅልሾች ስብስብና ማስመሰያ (ሲሙሌተር) ሲሆን፣ አንድ ፕሮግራም ዕቃዎች እንዴት እንደሚወድቁ፣ እንደሚንከባለሉና እንደሚገፋፉ ምን ያህል መገመት እንደሚችል ይፈትናል። ስሌቱን የሚሠራው ቦክስ ቱ ዲ የተባለው በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ የፊዚክስ ሞተር ነው፤ ይህንኑ ሞተር ብዙ የስልክ ጨዋታዎችም ይጠቀሙበታል። እርስዎ የሚጽፉት ግን ፓይተን ብቻ ነው።

ስሙ በላቲን ፊደል ፒ፣ ኤች፣ ዋይ፣ አር፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል። ሲነበብ በእንግሊዝኛ «እሳት» ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ ስለሚመሳሰል፣ ፊደሉን ያልተጠነቀቀ ሰው ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ሌላ የፓይተን ላይብረሪ ሊጭን ይችላል። ከእኛ መካከል አንዱ ይህንኑ አድርጎ፣ ኮዱ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት አባክኗል።

እንቆቅልሾቹ ምን ይመስላሉ?

እያንዳንዱ እንቆቅልሽ ከጎን የታየ፣ 256 በ256 ነጥብ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ትዕይንት ነው። ጥቁር ዕቃዎች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ግራጫዎቹ ይወድቃሉ፣ ይገፋሉ። ዓላማው አረንጓዴው ዕቃ ሰማያዊውን ወይም ሐምራዊውን እንዲነካና ንክኪው ቢያንስ ለ3 ሰከንድ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በሰማያዊና በሐምራዊ መካከል ያለው ልዩነት ሰማያዊው የሚንቀሳቀስ፣ ሐምራዊው ደግሞ ባለበት የሚቆይ መሆኑ ነው። እርስዎ የሚጨምሩት ኳስ ቀይ ይሆናል። ነጩ ጀርባ ሲጨመር ቀለሞቹ ሰባት ናቸው።

የጨዋታው ልዩ ባሕርይ ጣልቃ መግባት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ቀዩን ኳስ የትና በምን መጠን እንደሚያስቀምጡ ይወስናሉ፤ ከዚያ በኋላ የስበት ኃይል ሥራውን ይቀጥላል፣ እርስዎም ተመልካች ይሆናሉ። ብይ የተጫወተ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ብዩ ከጣት ከወጣ በኋላ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ቢያዘነብሉ የሚለውጡት ነገር የለም። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ሲያቅተን «አገር ስጠኝ» ተብለን ጅማን አሳልፈን ሰጥተን እንገላገል ነበር። እዚህ ላይ የሚሰጥ አገር የለም፤ የተሳሳተ ግምት የሚያስከፍለው ነጥብ ነው፤ እንዴት እንደሚቆጠር ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

ስንት እንቆቅልሽ አለው? ሁለቱ ደረጃዎችስ በምን ይለያያሉ?

በመጀመሪያው ደረጃ የሚጨመረው አንድ ኳስ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ የኳሱ አግድም ቦታ፣ ከፍታውና መጠኑ፤ ሦስቱም ከ0 እስከ 1 ባለው ልክ ይሰጣሉ። በሁለተኛው ደረጃ ሁለት ኳሶች በአንድ ጊዜ ስለሚጨመሩ ቁጥሮቹ ስድስት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ደረጃ 25 ቴምፕሌቶች፣ እያንዳንዱ ቴምፕሌትም 100 እንቆቅልሾች አሉት፤ ስለዚህ በየደረጃው 2,500 እንቆቅልሽ አለ ማለት ነው።

ቴምፕሌት የሚለውን ቃል ከአሁኑ በደንብ መያዝ ይጠቅማል። አንድ ቴምፕሌት ማለት አንድ ዓይነት ሐሳብ ነው፤ ለምሳሌ «አንዱን ኳስ ገፍቶ ወደ ሌላው ማድረስ» የሚል። በውስጡ ያሉት 100 እንቆቅልሾች ያንኑ ሐሳብ የዕቃዎቹን ቦታና መጠን እየለዋወጡ የሚጠይቁ ናቸው። የእንቆቅልሹ መለያ ቁጥርም በሁለት ነጥብ ከሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ የፊተኛው ክፍል ቴምፕሌቱን፣ የኋለኛው በዚያ ቴምፕሌት ውስጥ ያለውን ተራ ቁጥር ይነግራል።

ፊዚክስና ፓይተን ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

ከፓይተን ሊስት፣ ፎር ሉፕ፣ ፈንክሽን መጥራትና ነምፓይ ላይ አሬይ ማንበብ ይበቃል። ፊዚክሱን ሞተሩ ስለሚያሰላው ቀመር መጻፍ አይጠበቅብዎትም፤ ሆኖም ግጭት፣ ሰበቃና የስበት ማዕከል የሚሉት ቃላት ትርጉማቸው የጠፋበት ሰው ውጤቱን ማየት እንጂ ለምን እንደሆነ ማብራራት አይችልም።

ላፕቶፔ ይችለዋል? ጂፒዩስ ያስፈልጋል?

ማስመሰያው ራሱ ጂፒዩ (ለከባድ ስሌት የሚያገለግል የግራፊክስ ፕሮሰሰር) አይፈልግም፤ ትዕይንቶቹ ጥቂት ዕቃዎች ያሏቸው ጠፍጣፋ ትዕይንቶች ስለሆኑ ተራ ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ችግር ያስኬዳቸዋል። ጂፒዩ የሚያስፈልገው ሥዕሉን አይቶ ጥሩውን ውሳኔ የሚገምት የነርቭ መረብ (ከምሳሌዎች የሚማር ሞዴል) ማሠልጠን ሲጀምሩ ነው። ለጀማሪ ያ ጊዜ ገና ነው፤ በእኔ አስተያየት ከዚያ በፊት ያሉትን ሳምንታት የከሸፉ ሙከራዎችን በዓይን በመመልከት ማሳለፍ የበለጠ ያስተምራል።

እንዴት ይጫናል? ፒፕ «ተስማሚ ስሪት አላገኘሁም» የሚለኝስ ለምንድን ነው?

ፒፕ የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚጭነው ፕሮግራም ነው። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ተርሚናል ላይ ፒፕ ኢንስቶል ብለው የላይብረሪውን ስም ይጽፋሉ። ነገር ግን እጅግ የሚበዛው ጥያቄ የሚመጣው ከዚሁ አጭር ትእዛዝ ነው። የፋይር ሆድ ዕቃ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ስለሆነ ፒፕ የሚያወርደው አስቀድሞ ተገንብቶ የተዘጋጀ ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ደግሞ ለአንድ የተወሰነ የፓይተን ስሪትና ለአንድ የተወሰነ ስርዓተ ክወና ብቻ ይሆናል። የተዘጋጁት ጥቅሎች ለሊኑክስና ለማክ፣ ያውም ለቀደሙት የፓይተን 3 ስሪቶች ናቸው። ትናንት ያወረዱት አዲስ ፓይተን ላይ ትእዛዙን ሲሰጡ ፒፕ የሚስማማውን ፈልጎ ያጣል፤ መልእክቱም ይህንኑ ነው የሚናገረው። የጥቅሉ አለመገኘት የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ኢንተርኔቱም ተቋርጦ አይደለም።

መፍትሔው የኮምፒውተሩን ፓይተን ሳይነኩ ኮንዳ በተባለው የፓይተን አካባቢ ማዘጋጃ ለብቻው የሚቆም አካባቢ መፍጠርና በውስጡ ፓይተን 3.9 ማስገባት ነው። አካባቢውን ከከፈቱ በኋላ ያንኑ የፒፕ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ተርሚናሉን ዘግተው በማግስቱ ሲመለሱ አካባቢውን እንደገና መክፈት እንዳይረሱ፤ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ላይብረሪው የለም ይለኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው ችግሩ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ይኸው ነው።

ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ከሆነ በውስጡ ሊኑክስን የሚያስኬደውን ደብልዩ ኤስ ኤል አስገብተው፣ ከላይ ያለውን ሁሉ በዚያ ውስጥ ያከናውናሉ። በቀጥታ ዊንዶውስ ላይ ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት መታገል ለጀማሪ አይመከርም።

ኢንተርኔት ቤት አውርጄ ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ መጫን እችላለሁ?

ይቻላል፤ ከእኛም ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፒፕ ዳውንሎድ የሚለው ትእዛዝ ላይብረሪውንና እሱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ሳይጭን በአንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ፎልደሩን በፍላሽ ወስደው ቤት ሲደርሱ፣ ፒፕ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ከዚያ ፎልደር እንዲጭን ያዙታል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር ነው፦ የሚያወርዱበት ኮምፒውተር ስርዓተ ክወናና የፓይተን ስሪት ከቤትዎ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ፍላሹ ሙሉ ሆኖ ሥራው ባዶ ይሆናል።

ኮድ ሳልጽፍ እንቆቅልሾቹን በእጄ መሞከር እችላለሁ?

አዎ፤ እንዲያውም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ላይብረሪው ከተጫነ በኋላ የራሱን ሰርቨር በፓይተን ሲያስነሱት ብሮውዘርዎ ላይ፣ በራስዎ ኮምፒውተር አድራሻ፣ በፖርት 30303 መጫወቻው ይከፈታል። በማውስ ኳስ ስለው ውጤቱን ያያሉ።

አዲስ ሰው ሲመጣ ከኮዱ በፊት እዚህ አስቀምጬ ሃያ እንቆቅልሽ እንዲሞክር አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ቀዩን ኳስ ከአረንጓዴው ራስ በላይ ቀጥ አድርጎ ይሰቅለዋል። ኳሱ ይወርዳል፣ አረንጓዴውን መሐል አናቱን ይመታዋል፣ ትንሽ ይነጥርና ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ እጁ ቀዩን ኳስ ጥቂት ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ይኼኔ ግጭቱ ገደድ ይልና አረንጓዴው ወደ ዒላማው መንከባለል ይጀምራል። ያ የእጅ መንሸራተት ፕሮግራምዎ በኋላ ከብዙ ሺህ ምሳሌ ለመማር የሚደክምለት ነገር ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በራስ እጅ ማለፉ ይበጃል።

የመጀመሪያው ኮድ ምን ምን ይይዛል?

አራት እርምጃዎች አሉት። አንደኛ፣ የትኛውን ደረጃና የትኛውን የፈተና ዓይነት እንደሚፈልጉ ገልጸው ጌት ፎልድ የሚባለውን ፈንክሽን ሲጠሩ የእንቆቅልሾች መለያ ቁጥር በሦስት ክፍል ይመለስልዎታል፦ ለማሠልጠኛ፣ ለማስተካከያና ለመጨረሻው ፈተና። ሁለተኛ፣ ከማሠልጠኛው ጥቂት መለያዎችን፣ ለምሳሌ አምስት፣ ወስደው ኢኒሻላይዝ ሲሙሌተር ለተባለው ፈንክሽን ከደረጃው ስም ጋር ይሰጣሉ። ሦስተኛ፣ ሲሙሌተሩ ሳምፕል በሚለው ተግባሩ የዘፈቀደ ውሳኔ ይሰጥዎታል፤ ያንን ውሳኔ ሲሙሌት አክሽን በሚለው ተግባር በአንድ እንቆቅልሽ ላይ ይሞክሩታል። አራተኛ፣ ከተመለሰው ውጤት ውስጥ ሁኔታውን አንብበው ተፈትቷል፣ አልተፈታም ወይም ውሳኔው ልክ አይደለም የሚለውን ይለያሉ።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር ቢኖር፣ ሲሙሌት አክሽን የሚቀበለው የመጀመሪያ ቁጥር መለያው ሳይሆን ለሲሙሌተሩ በሰጡት ሊስት ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር መሆኑ ነው። አምስት እንቆቅልሽ ከሰጡት ተራዎቹ ከ0 እስከ 4 ናቸው። ሥዕሎቹ ባያስፈልጉዎት እንዲቀሩ ቢያዙት ፍጥነቱ በግልጽ ይጨምራል።

ያወጣሁት ሥዕል ለምን ተገልብጦ ይታያል?

ማስመሰያው የትዕይንቱን መነሻ ከታች ግራ ጥግ ስለሚቆጥር የአሬዩ የመጀመሪያ ረድፍ ወለሉ ነው። ማትፕሎትሊብን የመሳሰሉ የሥዕል ላይብረሪዎች ግን የመጀመሪያውን ረድፍ ከላይ ያደርጉታል። ስለዚህ ጥሬውን አሬይ በቀጥታ ካሳዩት ኳሶቹ ወደ ሰማይ ሲወድቁ ያያሉ። ከዚህም በላይ ጥሬው አሬይ ከ0 እስከ 6 ያሉ የቀለም ቁጥሮችን እንጂ ቀለሞችን አልያዘም። ፋይር ራሱ ያዘጋጀውን ወደ ቀለም የሚለውጥ ፈንክሽን ቢጠቀሙ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስተካክልልዎታል።

ብዙ ጊዜ «ልክ ያልሆነ ግብዓት» ይለኛል፤ ምን አጠፋሁ?

ምናልባት ምንም አላጠፉም። ቀዩ ኳስ አስቀድሞ ካለ ዕቃ ጋር ከተደራረበ ወይም ከትዕይንቱ ጠርዝ ውጭ ከወጣ ማስመሰያው ውሳኔውን አይቀበልም። ኳሱ ትልቅ ሲሆንና ትዕይንቱ በዕቃ የተጨናነቀ ሲሆን ይህ በተደጋጋሚ ይከሰታል። ደግነቱ፣ እንዲህ ያለው ውሳኔ በመመዘኛው እንደ ሙከራ አይቆጠርም። በኮድዎ ውስጥ ግን «አልተፈታም» ከሚለው ለይተው ይያዙት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቆጥሮ ሞዴሉን ያሠለጠነ ሰው፣ ኳስ የማይገባበትን ቦታ ኳስ ከሚከሽፍበት ቦታ ጋር እያምታታ ያስተምረዋል።

ዝም ብዬ በዘፈቀደ ብሞክርስ?

ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም የዘፈቀደው ውጤት ሌላው ሁሉ የሚለካበት ወለል ነው። ለአንድ እንቆቅልሽ የሚፈቀደው 100 ሙከራ ነው። በአንድ ኳስ ደረጃ አዘጋጆቹ ባሳተሙት ውጤት የዘፈቀደው ስልት ከ100 ነጥብ 14 ገደማ ያገኛል፤ በሁለት ኳስ ደረጃ ደግሞ 4 እንኳን አይሞላም። የእርስዎ ሞዴል ከዚህ ካልበለጠ ምንም አልተማረም ማለት ነው፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ደግሞ ከከንቱ ደስታ ይጠብቃል።

ኦክሰስ የሚባለው ነጥብ እንዴት ይሰላል?

ኦክሰስ ሁለት ነገሮችን በአንድ ቁጥር ይይዛል፦ ስንቱን እንቆቅልሽ ፈቱ፣ በስንተኛው ሙከራስ ፈቱ። ከ1 እስከ 100 ላለው ለእያንዳንዱ የሙከራ ብዛት፣ እስከዚያ ድረስ የተፈቱት እንቆቅልሾች ድርሻ ይወሰድና በክብደት ይባዛል። ክብደቱ የሚቀጥለው ቁጥር ሎጋሪዝም ሲቀነስ የራሱ ቁጥር ሎጋሪዝም ነው፤ በመጨረሻም ድምሩ ለክብደቶቹ ጠቅላላ ድምር ይካፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ክብደት ከፍተኛ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል።

ቀመሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ሁሉንም እንቆቅልሾች በመጀመሪያው ሙከራ የፈታ ፕሮግራም 100 ያገኛል። ሁሉንም በሁለተኛው የፈታ ወደ 85 ይወርዳል። ሁሉንም ልክ በአሥረኛው የፈታ 50 ገደማ ያገኛል። ሁሉንም በሃምሳኛው የፈታ 15 ላይ ይቀራል፤ ሁሉንም በመቶኛው የፈታ ደግሞ ከሩብ ነጥብ በታች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሁሉንም እንቆቅልሽ ፈትተዋል፣ አንድም አልቀራቸውም፤ ሆኖም መመዘኛው መገመትን እንጂ መደነቃቀፍን አይሸልምም። በግሌ ይህ አቆጣጠር ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ የተሰበረ ጀበና ጠግኖ መገጣጠም የሚችል ሰው ሁሉ ጀበናውን እንዳይወድቅ አድርጎ ማስቀመጥ የሚያውቅ አይደለምና።

መብራት እየጠፋ ረጅም ሥራ ይቋረጥብኛል፤ ምን ላድርግ?

ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ሲጀምር ጅማ ውስጥ ረጅም ስሌት ማስነሳት ድፍረት ነው። ሆኖም አብዛኛው ስሌት ከናካቴው ላያስፈልግዎት ይችላል። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ደረጃ 100,000 ውሳኔዎችን በሁሉም እንቆቅልሾች ላይ አስቀድመው ሞክረው ውጤቱን በአንድ ካሽ አስቀምጠዋል። ካሹን አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ የአንድን እንቆቅልሽ መለያ ሲሰጡት የ100,000ውን ውጤት በአሬይ ይመልሳል፤ 1 ማለት ተፈትቷል፣ -1 (ነጌቲቭ አንድ) ማለት አልተፈታም፣ 0 ማለት ልክ ያልሆነ ውሳኔ ነው። ማስመሰል ቀርቶ ማንበብ ብቻ ይሆናል።

ማሠልጠን ላይ ከደረሱ ደግሞ ሞዴሉን በየጥቂት ደቂቃው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ መስመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጨምሩ። እኔ ይህን የጨመርኩት የአንድ ሙሉ ሌሊት ሥልጠና ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከመብራቱ ጋር አብሮ ከጠፋብኝ በኋላ ነው።

ሞዴሌ ከ75 በላይ አገኘ፤ ጓደኛዬ ግን በዚያው ሞዴል 30ዎቹ ውስጥ ነው። ማን ተሳስቷል?

ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ምናልባት የተፈተናችሁት በተለያየ የፈተና ዓይነት ነው። «በቴምፕሌት ውስጥ» በሚባለው ፈተና ሞዴሉ ከ25ቱም ቴምፕሌቶች ምሳሌ አይቶ ሠልጥኗል፤ የሚፈተነው በእነዚያው ቴምፕሌቶች ውስጥ ባላያቸው እንቆቅልሾች ነው። «ከቴምፕሌት ወደ ቴምፕሌት» በሚባለው ግን የሚፈተንባቸውን ቴምፕሌቶች ፈጽሞ አላያቸውም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ዲ ኪው ኤን በተባለው፣ የነርቭ መረብን በሚጠቀም ስልት ያገኙት ውጤት በአንድ ኳስ ደረጃ በመጀመሪያው ፈተና 78 ገደማ፣ በሁለተኛው 37 ገደማ ነው። በሁለት ኳስ ደረጃ ደግሞ ከ68 ወደ 23 ያሽቆለቁላል። ሞዴሉ ያው፣ ሞተሩም ያው ነው፤ የተለወጠው «አዲስ» የሚለው ቃል ትርጉም ነው።

ልዩነቱን በቅርብ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ያለፉትን ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች የሠራ ተማሪ ቁጥሩ ብቻ የተለወጠ ጥያቄ ሲመጣለት ይሠራዋል፤ ያላየው ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ነው ትምህርቱ የሚታወቀው።

ከዚህ ጋር ፎልድ የሚባለውም ነገር አለ። ከ25 ቴምፕሌቶች ለፈተና የሚቀሩት 5 ብቻ ስለሆኑ የትኞቹ አምስት እንደወጡ ዕድል ብዙ ይወስናል፤ ቀላሎቹ ከወጡ ነጥቡ ያሻቅባል። ለዚህም ነው አከፋፈሉ በ10 የተለያዩ ፎልዶች ተዘጋጅቶ አማካዩ እንዲወሰድ የተደረገው። በአንድ ፎልድ ብቻ የተገኘን ነጥብ ይዞ «አሻሻልኩ» ማለት አያስኬድም።

የማስተካከያው ክፍል ለምን አስፈለገ? ቀጥታ በፈተናው ብለካስ?

ይህን ጥያቄ የምመልሰው ከራሴ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ስጀምር የሞዴሉን ልዩ ልዩ ቅንብሮች እየቀያየርኩ በየጊዜው ነጥቡን የማየው በፈተናው ክፍል ላይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያማረ ቁጥር ይዤ ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ አንዷ «ይህን ቅንብር የመረጥከው ምን አይተህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሌላ ፎልድ ላይ ሳስኬደው የተመካሁበት ጭማሪ በሙሉ በነነ። ፈተናውን ሃያ ጊዜ አይቼ ለፈተናው የሚስማማውን መርጬ ነበር እንጂ ሞዴሉን አላሻሻልኩም።

በአንድ ኳስ ደረጃ፣ በቴምፕሌት ውስጥ በሚደረገው ፈተና 2,500ዎቹ እንቆቅልሾች 1,600 ለማሠልጠኛ፣ 400 ለማስተካከያ፣ 500 ለፈተና ይከፈላሉ። የፈለጉትን ያህል በ400ዎቹ ላይ ይለኩ፤ 500ዎቹን የሚነኩት ምርጫዎ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ነው።

አንድ ውሳኔ ይፈታል፤ ቁጥሩን በጥቂቱ ስነካው ግን አይፈታም። ማስመሰያው ይዋዥቃል?

አይዋዥቅም፤ አንድ ዓይነት ውሳኔ በአንድ እንቆቅልሽ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። የሚዋዥቀው መፍትሔው ነው። ኳስ የሌላ ኳስ አናት ላይ ሲያርፍ ከመሐሉ በትንሹ ወደ ግራ መሆኑና በትንሹ ወደ ቀኝ መሆኑ ፍጹም ተቃራኒ መንገድ ያስይዘዋል፤ ከዚያ ሌሎች ግጭቶች ሲከተሉ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ሲሙሌት አክሽን ጸንቶ የሚቆም መፍትሔ ብቻ እንዲቀበል የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ሲከፍቱት በውሳኔዎ አካባቢ ያሉ ጥቂት ውሳኔዎችንም አብሮ ይሞክርና ሁሉም ከፈቱ ብቻ የጸና መፍትሔ ይለዋል። ለነጥብ ባይፈለግም ሞዴልዎ በዕውቀት ይሁን በአጋጣሚ እንደፈታ ለመመርመር እጅግ ይጠቅማል።

የራሴን እንቆቅልሽ መሥራት ብፈልግስ? የጅማ በርጩማ ያለበት?

የጠየቁኝ ሰዎች በርጩማ ማለታቸው አያስደንቅም፤ ለራስዎ እንቆቅልሽ ግን ፓይመንክ የተባለው ላይብረሪ ይቀላል። ከሥሩ ቺፕመንክ የሚባል ባለ ሁለት ገጽታ ሞተር አለው፣ ዊንዶውስ ላይም በፒፕ ያለ ችግር ይጫናል። ስፔስ (ዕቃዎቹ የሚኖሩበትን ዓለም) ይፈጥራሉ፣ አካልና ቅርጽ ይጨምራሉ፣ ከዚያ ጊዜውን በትንንሽ እርምጃ፣ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 1/60ኛ፣ ወደፊት ይገፋሉ። የስፔሱ ስበት ካልነገሩት ዜሮ ነው፤ «ዕቃዎቹ አየር ላይ ቆሙብኝ» የሚለው ስሞታ መነሻው ይህ ነው። በጣም ፈጣን የሆነ ትንሽ ኳስ ደግሞ በሁለት እርምጃ መካከል ቀጭን ግድግዳን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ እርምጃውን ማሳጠር ወይም ግድግዳውን ማወፈር ያድነዋል።

ወደ በርጩማው ስንመጣ አንድ አስቂኝ እንቅፋት አለ። የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለሚውሉ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይንገዳገድም። በጠፍጣፋ ማስመሰያ ውስጥ ግን ሦስተኛ እግር የሚቆምበት ቦታ የለም፤ ከጎን የሚታዩት ሁለት እግሮች ብቻቸውን ይበቃሉ። ስለዚህ በርጩማው ይንገዳገዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ራሱ በዚህ ዓለም ውስጥ ሊጠየቅ አይችልም። ለእሱ ፓይቡሌት ወይም ሙጆኮ የመሳሰሉ ባለ ሦስት ገጽታ ሞተሮች ያስፈልጋሉ፤ ሙጆኮ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው።

ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሞዴል ፊዚክስን ተረድቷል ማለት ነው?

ነጥቡ ብቻውን ይህን አይናገርም። ማስመሰያ ሳያስነሱ ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ምርመራ አለ። የስበት ኃይል ግራና ቀኝን አይለይም፤ ስለዚህ የትዕይንቱን ሥዕል እንደ መስታወት ቢገለብጡትና የኳሱን አግድም ቁጥር ከ1 ቢቀንሱት፣ የተረዳ ሞዴል ለሁለቱ ተመሳሳይ ግምት መስጠት አለበት። በብዙ ውሳኔዎች ላይ ግምቱን ከነመስታወቱ አነጻጽረው በደረጃ ያስቀምጡ።

እኛ ባሠለጠንነው ትንሽ ሞዴል ላይ ይህን ስናደርግ፣ አረንጓዴውን ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ ስናዛውረው የሞዴሉ ተመራጭ ውሳኔ አብሮ አልተዛወረም። ቀዩን ኳስ ባዶ ሜዳ ላይ፣ አረንጓዴው ቀድሞ በነበረበት በስተግራ፣ ማስቀመጡን ቀጠለ።